ጉዳት፣ ደጋፊና ስልክ፦ የኤንቢኤ ኮከቦች በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመን

ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ አንድ ቡድን የሚያሰልፈው አምስት ሰው ብቻ ነው። እግር ኳስ ላይ አንድ ኮከብ ቢጎዳ አሥር ሰው ይቀራል። እዚህ ግን ኳሱን አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚጫወተው ሰው ሲወጣ ቡድኑ ሌላ ቡድን ይሆናል። ስለዚህ በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ የአንድ ሰው ጉልበት የአንድን ከተማ ዓመት ሊያበላሽ ይችላል። ሊጉ 30 ክለቦች አሉት። እያንዳንዱ ክለብ ከፕሌይኦፍ (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ከሚያልፍበት የዋንጫ ዙር) በፊት 82 ጨዋታ ያደርጋል። ያን ያህል ዝላይና ሩጫ ውስጥ ጉዳት አይቀርም፤ ድሮም ነበር። የተለወጠው መጠበቁ ነው። ዛሬ ደጋፊው ተጫዋቹ እስኪድን ቀርቶ የኤምአርአይ ውጤት እስኪመጣም አይታገስም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ የፈረንጆች ናቸው።)

ድሮ መጠበቅ ግዴታ ነበር። ሜይ 8 ቀን 1970 ኒውዮርክ ኒክስና ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ለዋንጫው ሰባተኛ ጨዋታ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ተገናኙ። የኒክሱ ዊሊስ ሪድ ጭኑን ተጎድቶ ስድስተኛው ጨዋታ አምልጦታል። ይግባ አይግባ፣ አዳራሹን የሞላው ሰው አያውቅም። ሌሎቹ ሲያሟሙቁ ሪድ እያነከሰ ከመተላለፊያው ብቅ ሲል ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። የቡድኑን የመጀመሪያ ሁለት ኳሶች አስቆጠረ። በጠቅላላው ያገባው 4 ነጥብ ብቻ ነው፣ ኒክስ ግን ዋንጫውን ወሰደ። ዛሬ ቢሆን ከመኪናው ሲወርድ የተቀረጸች አሥር ሰከንድ ቪዲዮ ከሰዓታት በፊት ዓለምን ዞራ፣ «ያነክሳል፣ አያነክስም» የሚለው ክርክር ተጧጡፎ ነበር።

በሁለቱ ዘመኖች መሀል የቆመው ሰው ዴሪክ ሮዝ ነው። ሮዝ የቺካጎ ልጅ ነው፤ ያደገው በከተማዋ ደቡብ፣ ኢንግልዉድ ሰፈር። በ2008 ቺካጎ ቡልስ፣ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ተራ በሚወሰንበት ዕጣ፣ 1.7 በመቶ ዕድል ብቻ ይዞ የመጀመሪያው ምርጫ ወጣለትና የከተማውን ልጅ ወሰደ። በ2011 ቡልስ 62 ጨዋታ አሸነፈ። ሮዝም በ22 ዓመቱ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ከሱ ያነሰ ዕድሜ ላይ ሆኖ ያንን ሽልማት የወሰደ የለም። ከማይክል ጆርዳን በኋላ ከተማዋ እንዲህ ያለ ተስፋ አላየችም።

ከዚያ ኤፕሪል 28 ቀን 2012 መጣ። የፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ጨዋታ ከፊላደልፊያ ጋር ነው። ሊያልቅ የቀረው አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው፣ ቡልስ በ12 ነጥብ ይመራል። ሮዝ 23 ነጥብ፣ 9 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ)፣ 9 አሲስት (ለነጥብ የበቃ ኳስ ማቀበል) ይዟል። ወደ ቅርጫቱ ገብቶ ዘለለ፣ አየር ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ኳሱን ለማቀበል ሞከረ። ሲያርፍ ግራ ጉልበቱ ከዳው። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ተበጥሷል። አሰልጣኙ ቶም ቲቦዶ በ12 ነጥብ እየመራ ለምን ሜዳ ላይ አቆየው የሚለው ጥያቄ ዛሬም ይነሳል። ነገሩ ካለፈ በኋላ ለመጠየቅ የሚቀል ጥያቄ ነው። አንደኛ ሆኖ የገባው ቡልስ በስምንተኛው ቡድን 4 ለ 2 ተሸንፎ ወጣ።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አዲዳስ የሮዝን ማገገም የሚያሳዩ ተከታታይ ቪዲዮዎች ለቀቀ፤ ርዕሱም «መመለስ» ነበር። ሰው ሁሉ ቪዲዮውን እየተቀባበለ አብሮት ቀን መቁጠር ያዘ። በማርች 2013 ሐኪሙ እንዲጫወት ፈቅዶለታል የሚል ዜና ወጣ። ሮዝ ግን አልገባም። ፕሌይኦፍ ደረሰ። የቡድን ጓደኛው ጆአኪም ኖዋ ውስጥ እግሩ እያመመው ይሮጣል። ሉዎል ዴንግ የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ ያመጣበት ችግር ሆስፒታል አስተኝቶታል። ኔት ሮቢንሰን ጉንፋን ይዞት ተቀያሪዎቹ ጋ ተቀምጦ ያስመልሳል፣ ከዚያ ተነስቶ ይጫወታል። ካሜራው ከሱ ላይ ሲነሳ የሚያርፈው ሱፍ ለብሶ በተቀመጠው ሮዝ ላይ ነው። ትዊተር ላይ ያ ምስል ጎን ለጎን እየተለጠፈ ስንት ስድብ ወረደበት። ደጋፊውን ያስኮረፈው ከጉልበቱ ይልቅ ማስታወቂያው ይመስለኛል። ቀን ያልተቆረጠለትን መመለስ እንደ ቀጠሮ አድርጎ ሸጠለት።

ሮዝ በቀጣዩ ዓመት ተመለሰ፣ አሥር ጨዋታ ተጫወተ። ኖቬምበር 22 ቀን 2013 ፖርትላንድ ላይ ደግሞ የቀኝ ጉልበቱ ሜኒስከስ (በመገጣጠሚያው መሀል ያለው ልስልስ አጥንት) ተቀደደ። በ2014 ጋዜጠኞች ለምን ራሱን እንደሚቆጥብ ሲጠይቁት የሚያስበው ስለ ወደፊቱ እንደሆነ ተናገረ፤ ልጄ ሲመረቅ ሰውነቴን እያመመኝ መሄድ አልፈልግም አለ። ለቀናት መሳቂያ ሆነ። የሚሊዮን ዶላር ተከፋይ ስለ ምርቃት ያወራል ተባለ። ልጁ ያኔ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ሳቁም ከዚያ ነው። ዛሬ ያንን ንግግር መልሶ የሚያነብ ግን ብዙም የሚያስቀው ነገር አያገኝም። ኦክቶበር 31 ቀን 2018 በሚኒሶታ ማሊያ ዩታ ላይ 50 ነጥብ አስቆጥሮ ሜዳው ላይ ሲያለቅስ፣ አብሮት ያለቀሰው ያው የስድቡ መንደር ነው። በ2024 ጫማውን ሰቀለ። ቡልስም 1 ቁጥር ማሊያውን ከአዳራሹ ጣሪያ ላይ ለመስቀል ወሰነ።

የሌከርሱ ኮቢ ብራያንት ሌላ መንገድ ሄደ። ኤፕሪል 12 ቀን 2013 ከተረከዙ በላይ ያለው የአኪሊስ ጅማቱ ከተበጠሰ በኋላ ሁለት የቅጣት ምቶቹን መትቶ አስገብቶ በእግሩ ወጣ። የዚያኑ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለው ፌስቡክ ላይ ረጅም ጽሑፍ ለቀቀ። ተናደደ፣ ተሳደበ፣ በ34 ዓመቴ ከዚህ እንዴት ነው የምነሳው ብሎ ጠየቀ፣ መጨረሻ ላይ ራሱን አጽናና። ጋዜጠኛ የለ፣ የክለብ መግለጫ የለ። ተጫዋቾች ስለ ገላቸው የመጀመሪያውን ቃል ራሳቸው መናገር የለመዱት ከዚያ ወዲህ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ግን ራስን መናገር ከሌላው አፍ አያድንም። ኬቨን ዱራንት ይህን በደንብ ያውቃል። በ2017 ትዊተር ላይ ስለ ራሱ እንደ ሦስተኛ ሰው እየጻፈ ለተቺ መልስ ሲሰጥ ሰው ነቃበት፤ ሌላ አካውንት ላይ ያለ መስሎት ነበር። በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። በ2019 ፕሌይኦፍ የጎልደን ስቴቱ ኮከብ ባቱን ተጎዳ። ቡድኑ ያለ እሱም ማሸነፍ ሲቀጥል «ያለ ዱራንት ይሻላሉ» የሚለው ወሬ ደራ። በፍጻሜው ቶሮንቶ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 ሲመራ ደግሞ ወሬው ተገለበጠ፤ አሁን ጥያቄው ለምን አይገባም ሆነ። ጁን 10 ገባ። 12 ደቂቃ ተጫውቶ 11 ነጥብ አስቆጠረ፣ የቀኝ እግሩ አኪሊስ ተበጠሰ። ከቶሮንቶ ደጋፊዎች ገሚሱ ጨበጨበ። ካይል ላውሪና ሰርጅ ኢባካ፣ የራሳቸው ተጫዋቾች፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ሕዝቡን ዝም አሰኙ። የጎልደን ስቴት ሥራ አስኪያጅ ቦብ ማየርስ መግለጫው ላይ እንባ እየተናነቀው፣ ጥፋተኛ ከፈለጋችሁ እኔን ውቀሱ አለ። ዱራንት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዜናውን ያረጋገጠው በኢንስታግራም ነው።

የአኪሊስ ጅማት ባትን ከተረከዝ ጋር ያያይዛል። ሲበጠስ ከኋላ በእርግጫ የተመታ ያህል ስለሚሰማ፣ ተጫዋቹ ዞር ብሎ «ማነው?» እንደሚል ሰው ወደ ኋላ ያያል። ለመዳን ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት ይፈጃል። ዛሬ ይህን የማያውቅ ደጋፊ የለም ማለት ይቻላል። ቪዲዮውን በስሎው ሞሽን እያየ፣ ባቱ ላይ የምትርገበገበውን ቆዳ አክብቦ ስክሪንሾት እየለጠፈ፣ የቡድኑ ወጌሻ ሜዳ ሳይገባ ምርመራውን ይጨርሳል። አንዳንዴ ልክ ነው፤ ያ ደግሞ የባሰ ያደፋፍረዋል።

በ2025 ፕሌይኦፍ ሦስት ኮከቦች በሁለት ወር ውስጥ አኪሊሳቸው ተበጠሰ። ኤፕሪል 27 የሚልዋኪው ዴሚየን ሊላርድ፣ ሜይ 12 የቦስተኑ ጄሰን ቴተም፣ ጁን 22 የኢንዲያናው ታይሪስ ሀሊበርተን። ሦስቱም የሚለብሱት 0 ቁጥር ነው። ኢንተርኔት ይህን ካወቀ በኋላ ዝም ይላል ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ እርግማን ነው ተባለ። ሀሊበርተን ቀድሞም ባቱን ተጎድቶ ነበር። ለዋንጫው ሰባተኛ ጨዋታ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ገባ፣ ሦስት ባለሦስት ነጥብ አስገባ፣ በመጀመሪያው ሩብ ወደቀ። ሜዳውን በእጁ እየደበደበ ሲያለቅስ ዓለም አየው። ቡድኑ 103 ለ 91 ተሸነፈ። (ሮዝ የተጎዳበት ጨዋታም ያለቀው በዚሁ 103 ለ 91 ነው። ይህን ደግሞ እርግማን የሚሉት ሰዎች እስካሁን ያላገኙት ይመስለኛል።) በማግስቱ ረጅም ጽሑፍ ለጥፎ እንደገና ዕድሉ ቢሰጠው እንደገና እንደሚገባ ጻፈ። ሊጉም ባለሙያ ሰብስቦ የአኪሊሱን ነገር ማስጠናት ያዘ።

በሌላ በኩል ሳይጎዱ የሚያርፉም አሉ። ካዋይ ሌናርድ በ2019 ቶሮንቶን ለዋንጫ ያበቃው በዓመቱ ውስጥ ብዙ ጨዋታ እያረፈ ነው። ቲኬት ገዝቶ፣ ልጁን ይዞ፣ ኮከቡን ሱፍ ለብሶ ያየ አባት ደስ አይለውም። ሊጉ በ2023 ኮከቦችን ያለ በቂ ምክንያት የሚያሳርፍ ክለብ የሚቀጣበትን ደንብ አወጣ፤ የመጀመሪያው ቅጣት 100 ሺህ ዶላር ነው። ለትልልቅ ሽልማቶችም ቢያንስ 65 ጨዋታ መጫወት ግድ ሆነ። ነገሩ ሁለት ጫፍ ነው፦ ካረፈ ሰነፍ፣ ገብቶ ከተጎዳ ደግሞ ማን አስገባው።

ውርርድ ሲጨመርበት ነገሩ መልኩን ቀየረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ለግዛቶች በሩን ከከፈተ ወዲህ ሰው የሚወራረደው ማን ያሸንፋል በሚለው ብቻ አይደለም፤ እገሌ ስንት ነጥብ ያገባል በሚለውም ነው። ክለቦች የተጎዱባቸውን ስም ዝርዝር ከጨዋታው በፊት ባለው ቀን እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ማሳወቅ አለባቸው፤ ያ ዝርዝር አሁን ገንዘብ ነው። የቶሮንቶው ጆንቴ ፖርተር አመመኝ፣ ተጎዳሁ እያለ ከጨዋታ እየወጣ ተወራራጆችን ሲጠቅም ተደርሶበት በ2024 ለዕድሜ ልክ ታገደ፤ ፍርድ ቤትም ቀርቦ አመነ። ከጎኑ ያሉት ንጹሐን ደግሞ በእውነት ሲጎዱ እንኳ «ብሬን በላኸው» የሚል መልእክት ይጎርፍላቸዋል።

ለኢትዮጵያ ተመልካች ይህ ሁሉ የሌሊት ወሬ ነው። የሀሊበርተን ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ብዙው ሰው ጉዳቱን ያየው ጠዋት ቴሌግራም ሲከፍት፣ እርግማኑም ቀልዱም አብሮ ተጠቅልሎ ነው።

ዋሽንግተን ያለው ሐበሻ ግን የራሱን ኮከብ በቅርብ አይቷል። ጆን ዎል በ2010 የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ የከተማዋ ክለብ ዊዛርድስ ገባ፣ አምስት ጊዜ ኦልስታር (በሊጉ ምርጦች ጨዋታ ተሰላፊ) ሆነ። በ2019 መጀመሪያ ተረከዙን ታክሞ ሲያገግም ቤቱ ውስጥ አዳልጦት ወደቀ፣ አኪሊሱ ተበጠሰ። የ4 ዓመት፣ የ170 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራቱ ገና ሊጀምር ነበር። ኢንተርኔቱ ወዲያው ኮንትራቱን «የሊጉ መጥፎ ኮንትራት» ብሎ ሰየመው፤ ሰው በገዛ ሳሎኑ ይወድቃል ወይ የሚል ቀልድም አልቀረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ እናቱን በካንሰር አጣ። በ2020 ወደ ሂዩስተን ተላከ። ዎል ራሱን ለማጥፋት እስከማሰብ ደርሶ እንደነበር በአደባባይ የተናገረው በ2022 ነው። ከሱ አራት ዓመት ቀድሞ፣ ያኔ የቶሮንቶ ተጫዋች የነበረው ዴማር ዴሮዛን ስለ ድብርቱ አንዲት መስመር ትዊተር ላይ ጽፎ ሌሎችም እንዲናገሩ በር ከፍቶ ነበር። ዎል በኦገስት 2025 መጫወት ማቆሙን ያሳወቀው በማኅበራዊ ሚዲያ በለቀቀው ቪዲዮ ነው። አሁን የሚሠራው ጨዋታ ተንታኝ ሆኖ ነው።