ኮንዩር ምንድን ናት? «ጩኸቷ በሥልጠና ይጠፋል» ለሚሉ

ሰሞኑን አንዱ «ፀሐይ ኮንዩር ትንሽ ወፍ ስለሆነች ለአፓርትመንት ትስማማለች፤ ጩኸቷም በሥልጠና ይጠፋል» ብሎ ሲመክር አየሁ። ስንተኛው እንደሆነ እንጃ። ይህን ምክር ሰምተው የገዙ ሰዎች ናቸው ቆይተው «ጠባይዋ ተበላሸ» ብለው እኛ ወፍ ሐኪሞች ዘንድ የሚያመጧት። ጠባይዋ አልተበላሸም። ኮንዩር እንዲህ ናት።

ኮንዩር የሚባሉት ረጅም ጅራት ያላቸው የላቲን አሜሪካ በቀቀኖች ናቸው። ፀሐይ ኮንዩር የሰሜን ብራዚልና የጋያና ወፍ ናት፤ ክብደቷ 110 ግራም ገደማ ነው፣ ድምጿ ግን ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ጉንጯ አረንጓዴ የሆነችው ሌላዋ ዝርያ ድምጿ ቀለል ይላል፤ ዝምተኛ ግን አይደለችም።

የማይገባቸው ነገር ጩኸቱ ለምን እንደሚመጣ ነው። ኮንዩር የመንጋ ወፍ ናት። ዱር ውስጥ ጓደኞቿ ከዓይኗ ሲሰወሩ ትጣራለች፣ እነሱም ይመልሱላታል። ቤት ውስጥ ደግሞ መንጋዋ እናንተ ናችሁ። እረኛ ከጋራ ማዶ ያለ ጓደኛውን ሲጣራ አስቡት። «አቤት» ካለው ወደ ከብቶቹ ይመለሳል። መልስ ካጣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ አሁንም ካጣ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ያ ጓደኛው እረኛው በቀስታ ሲጣራ ዝም እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲጮህ ብቻ የሚመልስለት ከሆነ ደግሞ፣ በማግስቱ ገና ሲጀምር ቋጥኙ ላይ ነው የሚወጣው። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ በቀስታ ስትጣራ ስልካችን ላይ ነን፣ ስትጮህ ሮጠን ሄደን «ዝም በይ!» እንላታለን፣ ለሷ ደግሞ ያ ራሱ መልስ ነው። ስለዚህ በቀስታ ስትጣራ፣ ሌላ ክፍል ብትሆኑም፣ በፉጨት መልሱላት። ጩኸቱ ይቀንሳል። አይጠፋም፤ በተለይ የማለዳውና የማምሻው ይቆማል ብላችሁ አትጠብቁ።

ጩኸታም የነበረች ወፍ ድንገት ጭጭ ካለች ግን ደስ አይበላችሁ። ወፎች ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ ቶሎ ሐኪም ይያት።

ንክሻውም ቢሆን «ክፋት» አይደለም። ከልጅነት ስትወጣ ሰውን መፈተን ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ ደግሞ የምናባብሰው እኛው ነን፤ ጀርባዋንና ከክንፏ ሥር መደባበስ የመራባት ስሜቷን ይቀሰቅሳል፣ ከዚያ አንዱን ሰው መርጣ ሌላውን ትነክሳለች። ጭንቅላቷንና አንገቷን ብቻ እከኩላት፤ እሱን ከነፍሷ ነው የምትወደው።

ታዲያ ለማን ትሆናለች? በየቀኑ ከሷ ጋር ሰዓታት ለሚያሳልፍ፣ ጩኸት ለማይረብሸው፣ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ለሌለው ሰው። በደንብ ከተያዘች 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች፤ ለልጅ የልደት ስጦታ ብላችሁ ከገዛችሁ ልጁ አድጎ ከቤት ሲወጣ ወፏ የእናንተ ናት። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላችሁ ማታ ደክማችሁ የምትገቡ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ብቻዋን የምትውል ኮንዩር ላባዋን እስከ መንቀል ትደርሳለች።

ውጭ አገር ላላችሁ ሐበሾች አንድ ነገር ልጨምር። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። ቡና ሲፈላ ዕጣን የምታጨሱ ከሆነ እሷ ባለችበት ክፍል አይሁን። ቴፍሎን መጥበሻ ደግሞ ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላታል፤ እሱን ከቤት አውጡት። ይህን ሁሉ ሰምታችሁም ከፈለጋችኋት፣ ከመግዛታችሁ በፊት ኮንዩር ያለው ሰው ቤት ማለዳ ሂዱና ጩኸቷን በጆሯችሁ ስሙ።