«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ»፦ ከፈታይዋ ደጅ የወጣ አነጋገር

በየካቲት 29፣ በዓለም የሴቶች ቀን ሰሞን፣ የሴቶችን ስኬትና አመራር ለማክበር በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም በተዘጋጀ መድረክ ላይ፣ አንዲትን የምርምር ቡድን መሪ ሊያመሰግኑ የተነሡ እንግዳ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የተባለው ዛሬ ቀረ» ሲሉ ሰማሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። ተናጋሪው በቅን ልብ እንዳሉት አልጠራጠርም፤ ሆኖም ይህን አነጋገር ሴትን ዝም ለማሰኘት የሚጠቅሱትም፣ እንደ እሳቸው ሞቷል ብለው ሊቀብሩት የሚሹትም፣ ከምን ሥራ እንደ ተወለደ ሳይጠይቁ ነው የሚያልፉት። ዛሬ በሽምግልናና በቤት ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የወንድ ነው ለማለት እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል፤ በዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም። እኔ የማምነው ግን አነጋገሩ ከሸንጎም ከሽምግልናም እንዳልመጣ፣ የመጣው ከፈትልና ከሸማ ሥራ እንደሆነ ነው።

ወደ ጎንደር የሚመጣው ጥጥ የቆላ ጥጥ ነው፤ ከመተማ፣ ከቋራና ከአርማጭሆ በኩል ይወጣል። ቅዳሜ ገበያ ተገዝቶ ቤት ሲገባ በመጀመሪያ ይዳመጣል፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ የብረት መዳመጫ ሲንከባለልበት ፍሬው እየተፈለቀቀ ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት እየተነዘረ ጥጡን ሲያፍታታው ቤቱ በብናኝ ይሞላል፣ ሕፃናትም ያስነጥሳቸዋል። የተነደፈው ጥጥ እየተጠቀለለ አመልማሎ ይሆንና በሙዳይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የእንዝርቱ ተራ ነው። ፈታይዋ እንዝርቱን በጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች፣ በሌላው እጇ አመልማሎውን እየሳበች ታቀጥነዋለች፣ የተፈተለውንም በልቃቂት ትጠቀልለዋለች። ለድር፣ በቁመት ለሚወጠረው፣ የሚሆነው ፈትል የሸማኔውን ውጥረት ስለሚሸከም ጠበቅ ብሎ ይከርራል፤ በአግድም የሚገባው የማጉ ፈትል ግን ለስለስና ወፈር ይላል። ይህን ልዩነት የሚለካ መሣሪያ አልነበረም፤ ልኩ ያለው በፈታይዋ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል ነበር።

እኔ በደምቢያ በኩል ባደግሁበት መንደር የጠዋቱ ቡና ሲያበቃ ጎረቤቶች ሁሉ እንዝርታቸውን ይዘው አያቴ ዘንድ ይሰበሰቡ ነበር። በሰንበትና በማርያም ቀን እንዝርት አይነካም፤ በሌላው ቀን ግን እጃቸው ባዶውን ሲቀመጥ አላስታውስም። ልጃገረዶቹ አንዷ ወፍራም ሌላዋ ጉጥ የበዛበት ፈትል ሲያወጡ አያቴ አትቆጣም፤ ፈትሉን በጣቷ ዳስሳ ጉድለቱ ያለበትን ቦታ ታሳያቸውና እንደገና ታስጀምራቸዋለች። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ወራት ይፈጃል፤ ክረምቱን ሙሉ በኩራዝ ብርሃን የተፈተለው ለመስቀል ካልደረሰ ለጥምቀት ይደርሳል ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ፈትሉ ሲሟላ አያቴ ልቃቂቶቹን በእንቅብ ይዛ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ወደሚገኝ ሸማኔ ትሄዳለች፤ እኔም እከተላታለሁ። በጎንደር ሽመና ለብዙ ዘመን የአዲስ ዓለም ሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ወንዶች ሙያ እንደነበር የታወቀ ነው። ሸማኔው እግሩን በጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ፣ መወርወሪያውን አስቀምጦ ይቀበላታል።

«እሜቴ፣ ድሩ ትንሽ ያንሳል፤ አንድ ልቃቂት ይጨምሩልኝ» ይላታል።

«አያንስም፤ ለክቼዋለሁ። ማጉን ግን አታጥብቅብኝ፣ ጋቢው ለብርድ ነው» ትለዋለች።

ጥለቱ ምን ዓይነት እንደሚሆን የምታዝዘው እሷ ናት፤ ዋጋውን የምትቆርጠውም የምትከፍለውም እሷ ናት። ጋቢው ሲያልቅ ወደ ፀሐይ ዘርግታ የሳሳ ቦታ እንዳለው ትመረምራለች፤ የተረፈ ፈትል ካለም ተቀብላ ትመለሳለች። ሸማኔው ባለሙያ ነው፣ አያቴም ሙያውን ታከብርለት ነበር፤ ባለቤት ግን አልነበረም።

የአነጋገሩ ምንጭ ይህ ነው ብዬ አጥብቄ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው። ጥጡን የምታውቀው፣ ድሩን ከማጉ የምትለየው፣ ልኩን የምትወስነው ሴት ናት፤ ነገር ግን በልማድ ሴት ከሸማኔ ጉድጓድ ስለማትቀመጥ ልብሱ የሚያልቀው በወንድ እጅ ነው። እንዲያውም በእኔ ግምት አነጋገሩን መጀመሪያ የተናገረችው ፈታይ ራሷ ናት፤ የተናገረችበትም ወቅት የጥምቀት ዋዜማ ሰሞን ነው። በጎንደር ለጥምቀት አዲስ ልብስ የማይፈልግ የለም፤ በዚያ ሰሞን የሸማኔው ቤት በልቃቂት ይሞላል፣ ተራም ይጠበቃል። የራሷን ሥራ በጊዜው ፈጽማ የሰው እጅ ስትጠብቅ ደጅ የምትቆም ሴት ወደ ጎረቤቷ ዘወር ብላ እንዲህ ብትል ምን ያስደንቃል? ከአፏ ሲወጣ የማወቋን ልክ የሚያሳንስ ነገር አልነበረበትም፤ ወቀሳው ወደሚያዘገያት ሸማኔ ነበር። የፋብሪካ ክር ገበያውን ከያዘና እንዝርቱ ከብዙ ቤት ከወጣ በኋላ ግን አነጋገሩ ሥራውን አጣ፤ «የሚያልቀው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሲጠፋ፣ ወንዶች ለውሳኔና ለሥልጣን አደረጉት።

የከተማችንም ታሪክ ይህን አተረጓጎም ይደግፍልኛል። እቴጌ ምንትዋብ ከባለቤታቸው ከአፄ በካፋ ሞት በኋላ በ1723 ዓ.ም. ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር ዘውድ ደፍተው አገር መርተዋል፤ የቁስቋምን ደብርና ቤተ መንግሥትም አሠርተዋል። ድንጋዩን የጠረቡት፣ ግድግዳውን ያቆሙት ባለሙያዎች ነበሩ። ቁስቋምን የግንበኞቹ ሥራ ነው የሚል ጎንደሬ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ የምንትዋብ ነው እንላለን፣ ልክም ነን። በጎጃም ደግሞ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የአባታቸውን የቅኔ ወንበር ተረክበው ወንዶችን ቅኔ አስተምረዋል፤ በዚያ ጉባኤ ያወቀችውም የፈጸመችውም ሴት ናት።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ስንመለስ አነጋገሩ የሚሠራበትን ትክክለኛ ቦታ እናገኛለን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲጀመር ያሠለጥን የነበረው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ሥራውን እንዳይፈጽም ሆኖ የተቀረጸ ቡድን ነበር። የዛሬም ምርምር በቡድን ይሠራል። የጥናቱን ሐሳብ ያመነጨች፣ መጠይቁን ያዘጋጀች፣ መረጃ ሰብሳቢዎችን አሠልጥና ገጠር ቀበሌ ድረስ የወረደች፣ ውጤቱን የተነተነች ሴት ልትኖር ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ወይም የጽሑፉ አርታኢ ወንድ ቢሆን ጥናቱ የእሷ መሆኑ አይቀርም። የሚያሳዝነው ውጤቱ በጉባኤ ሲቀርብ መድረኩን ሌላ ሰው ሲይዘው፣ እሷም «ተባብራናለች» ተብላ ስትመሰገን ነው። ይህ ሸማኔው ጋቢውን ለብሶ ወደ ቤቱ እንደ መሄድ ነው።

በአገራችን ይህን መድረክ ሳይለቁ የያዙ ሴቶች አሉ። ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነዋል፤ የቋንቋ ምሁሯ ዶክተር ሂሩት ወልደማርያምም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። ስለ እንደነዚህ ያሉ ሴቶች ስንናገር «የድሮው አባባል ቀረ» ማለት ምስጋና አይሆንም፤ ከዚህ በፊት የነበሩ እናቶች ምንም አላወቁም፣ ምንም አልመሩም የሚል መልእክት ያስተላልፋል። በኩራዝ ብርሃን ድርና ማግ የለዩት እናቶች እንዲህ ሊባሉ አይገባም።

ስለዚህ በየዓመቱ ይህን በዓል የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ አነጋገሩን ለስድብም ለቀብርም አትጥሩት። አበባና ጭብጨባ መልካም ነው፤ ነገር ግን ተመስጋኟ ምን እንዳጠናች፣ የትኛውን ክፍል እንደምትመራ፣ በእሷ ፊርማ ምን እንደተፈጸመ በዝርዝር ይነበብ። የምርምሯን ውጤት ራሷ ታቅርብ፣ ለአቀራረቡም በቂ ሰዓት ይሰጣት፤ ከአዳራሹ የሚነሣው ጥያቄም ከጎኗ ለተቀመጡት ዲን ሳይሆን ለእሷ ይቅረብ።