የሬክታንግል ዙሪያና ስፋት በቃላት ጥያቄ ሲመጣ

ሬክታንግል አራት ጎን ያለው፣ አራቱም ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ የሆኑ ቅርጽ ነው። ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል ስለሆኑ ሁለት ቁጥር ይበቃዋል፤ ርዝመትና ወርድ። ሁለቱን ደምሮ በ2 ማባዛት ዙሪያውን ይሰጣል። ሁለቱን እርስ በርስ ማባዛት ደግሞ ስፋቱን። ከዚህ በላይ የሚሸመደድ ነገር የለም። ሆኖም ቀመሩን አሳምሮ የሚያውቅ ተማሪ የቃላት ጥያቄ ላይ ሲደርስ ይደናገራል። ጥያቄው «ዙሪያውን ፈልግ» ብሎ አይጠራለትማ። አጥር ይላል፤ ሴራሚክ ይላል፤ ሽቦ ይላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስሌት አይደለም። የተጠየቀው ነገር ጠርዙን ይዞ የሚዞር ነው ወይስ ውስጡን የሚሞላ? አጥር፣ የፎቶ ፍሬም፣ በነጠላ ዳር ዳር የሚሄድ ጥለት ጠርዝ ላይ ናቸው። ምንጣፍ፣ የግድግዳ ቀለም፣ የሚዘራ ማሳ ውስጥ ናቸው። ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የተለመደው የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። መስመሩን ተከትሎ አንድ ዙር የሮጠ ሰው 346 ሜትር ሮጧል። ሣር የሚያለብሰው ሰው ግን 7,140 ካሬ ሜትር ሣር ማዘጋጀት አለበት።

አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ የሚወራው በካሬ ነው። «ባለ 200 ካሬ ግቢ» ሲባል ስፋቱ ታወቀ እንጂ ለአጥር የሚወጣው ወጪ አልታወቀም። ግቢው 20 በ10 ከሆነ ዙሪያው 60 ሜትር ነው። 40 በ5 ከሆነ ግን 90 ሜትር ይሆናል። ካሬው ያው ነው፤ የግንቡ ወጪ ግን በግማሽ ጨመረ። ጥያቄው ላይ «በአንድ በኩል የጎረቤት ግንብ አለ» ወይም «4 ሜትር ለበር ይተዋል» የሚል ሐረግ ከገባ ደግሞ ያ ከዙሪያው ይቀነሳል። ብዙ ነጥብ የሚጣለው እዚህች ጋ ነው።

ዙሪያና ስፋትን ማምታታት የተማሪ ጣጣ ብቻ አይደለም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ ከሁለት የግሪክ ከተሞች የሜጋሎፖሊስ ዙሪያ 50 ስታዲያ (የጥንት ግሪኮች የርዝመት መለኪያ)፣ የስፓርታ 48 ስታዲያ እንደሆነ ጠቅሶ፣ ስፓርታ ግን በስፋት እጥፍ ናት ሲባሉ ሰዎች አናምንም ይላሉ ብሎ ጽፏል። በ5ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈላስፋ ፕሮክለስ የነገረን ይብሳል። መሬት ሲካፈሉ ዙሪያው ረጅም የሆነውን ለባልንጀራቸው ሰጥተው፣ ስፋቱ የሚበልጠውን ለራሳቸው የሚያስቀሩ ሰዎች ነበሩ። ያውም በቅንነታቸው ይመሰገኑ ነበር! በ60 ሜትር ገመድ ሞክሩት። 29 በ1 ብታደርጉት 29 ካሬ ሜትር ይከልላል፤ 20 በ10 ብታደርጉት 200፤ 15 በ15 ሲሆን 225። ዙሪያው ካልተለወጠ ትልቁን ስፋት የሚሰጠው አራቱም ጎኑ እኩል የሆነው ካሬ ነው።

ከበድ የሚሉት ጥያቄዎች ከኋላ ወደ ፊት የሚሄዱት ናቸው። ለምሳሌ፦ የአንድ ማሳ ዙሪያ 60 ሜትር ነው፤ ርዝመቱ ወርዱን በ6 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ ስንት ነው? ብዙ ሰው በቀጥታ እኩልታ መጻፍ ይጀምራል። አያስፈልግም። የዙሪያው ግማሽ 30 ነው፤ ይህ የርዝመትና የወርድ ድምር ነው። ትርፉን 6 ቀንሱ፤ 24 ቀረ። ለሁለት ሲካፈል ወርዱ 12፣ ርዝመቱ 18፣ ስፋቱ 216 ካሬ ሜትር።

ይህ ዓይነቱ ጥያቄ እጅግ ጥንታዊ ነው። ፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ከ3,700 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የባቢሎን የሸክላ ጽላት አለ። ጽላቱ ላይ ያለው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ ስፋቱ ላይ ርዝመቱ ከወርዱ የሚበልጥበት ሲደመር 183፤ ርዝመትና ወርድ ሲደመሩ 27። ጸሐፊው ሁለቱን ደምሮ 210 አገኘ። ይህ ርዝመቱ ሁለት በተጨመረበት ወርድ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። አሁን የሁለቱ ድምር 29 ሆነ። ግማሹ 14.5፣ የዚህ ካሬ 210.25። 210 ሲቀነስ 0.25 ይቀራል፤ ካሬ ሥሩ 0.5 ነው። ይህ 14.5 ላይ ሲደመርና ሲቀነስ 15 እና 14 ይመጣል፤ የተጨመረው 2 ሲነሳ ርዝመቱ 15፣ ወርዱ 12። የስምንተኛ ክፍል ተማሪን የሚያላብ ነገር በሸክላ ላይ ተሠርቶ ማየት ይደንቃል።

ሌላው የተለመደ ወጥመድ የእግር መንገድ ነው። 20 በ10 በሆነ ግቢ ውስጥ ዳር ዳሩን 1 ሜትር መንገድ ቢሠራ የሚቀረው ቦታ 19 በ9 ሳይሆን 18 በ8 ነው፤ መንገዱ በሁለቱም በኩል አለና። ከ200 ላይ 144 ሲቀነስ መንገዱ 56 ካሬ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ከግቢው ውጭ ከተሠራ ግን 22 በ12 ይመጣና መልሱ 64 ነው። ሥዕል ሳይሥሉ ይህን ጥያቄ መሥራት ዕዳ ነው።

መለኪያው ላይም መጠንቀቅ ይገባል። 1 ካሬ ሜትር 100 ሳይሆን 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 1 ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። የድሮው ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል፤ እንደ መሬቱ ለምነት ይለያይ ነበር እንጂ። መሬቱ 800 በ500 ሜትር ቢሆን ልክ 40 ሄክታር ይሞላል፤ ዙሪያው ግን 2,600 ሜትር ብቻ ነው።

የመጽሐፉ መልስና የባለሙያው መልስ የሚለያዩበትም ጊዜ አለ። 6 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ ይነጠፍበት። 24 ለ0.36 ሲካፈል 66.67 ይመጣል፤ ተማሪው 67 ብሎ ይጽፋል። ሴራሚክ ሠሪው ግን በረድፍ ነው የሚያስበው። በ6 ሜትሩ በኩል 10 ይገባል። በ4 ሜትሩ በኩል 6 ገብቶ 40 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ስለዚህ ሰባተኛው ረድፍ ተቆርጦ ይገባል። የተቆረጠው 20 ሴንቲ ሜትር እርስ በርስ ካልተገጣጠመ ለሌላ ቦታ አይሆንም። 70 ይገዛል፤ ለሚሰበረው ደግሞ ጥቂት ይጨምርበታል።