ሥራ ሳይለቁ የጤና ሙያ መማር፦ ቡና ላይ የሚወራውና እውነታው

ባለፈው እሑድ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቡና እየጠጣን ነበር። የጎረቤታችን ልጅ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ማታ ማታ ነርሲንግ መማር ፈልጋለች። "ሥራዬን ሳልለቅ ይሆንልኛል?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ቤቱ በሙሉ መለሰላት። አንዱ "አብሽሪ፣ ምን አላት!" አለ። ሌላዋ "ታብጃለሽ" አለች። አቦሉ ሳያልቅ ምክሩ ተትረፈረፈ፤ አብዛኛው ግን ስህተት ነበር።

አልፈረድኩባቸውም። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያው አስብ ነበር። የጀመርኩት በግል ክሊኒክ በጽዳት ነው። ከዚያ መርፌ ክፍል ረዳት ሆንኩ። እየሠራሁ ተምሬ ነርስ ሆንኩ። ዛሬ ለልምምድ ዋርድ የሚመጡ ተማሪዎችን የምቀበለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያን ዕለት የተባለውን አንድ በአንድ ላንሳው።

"ሥራው ላይ ስላለሁ ግማሹን ተምሬዋለሁ"

ይቺ የእኔ ነበረች። ትምህርት ስጀምር ሁለት ዓመት ሙሉ የደም ግፊት ስለካ ቆይቼ ነበር። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሳሳት ነው የቆየሁት።

ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፤ ጦሳ ሥር የተሠራች የዳገት ከተማ ናት። ታካሚው ዳገቱን ወጥቶ እያለከለከ ይገባል። እኔ ገና ከመቀመጡ ክንዱን እይዛለሁ። ጋቢውን ወይም ሹራቡን ሳላስወልቅ መለኪያውን ከላዩ አስራለሁ። እየለካሁም "ልጆች ደህና ናቸው? ዝናቡ እንዴት ነው?" እያልኩ አጫውተዋለሁ። ወሎዬ ዝም ብሎ ሰው አይቀበልማ! ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ወደ ዶክተር እልካለሁ።

የልምምድ የመጀመሪያው ቀን አስተማሪዋ ከኋላዬ ቆማ አየችኝና "አንቺ፣ ተይው" አለችኝ። ታካሚው ቢያንስ 5 ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ አለበት። ጀርባው መደገፍ፣ እግሩ መሬት መንካት አለበት። ክንዱ ራቁቱን ሆኖ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። እየተለካ አያወራም፤ እኔም አላወራውም። ሽንቱ ከያዘው ሸንቶ ይምጣ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ከታሰረ ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ሆኖ ይነበባል። ከመለካቱ በፊት በነበሩት 30 ደቂቃዎች ውስጥ ቡና መጠጣት የለበትም። ይሄኛው ወሎ ውስጥ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ቡና ሳይጠጣ ክሊኒክ የሚመጣ ሰው ከየት ይገኛል?

ስንቱን "ግፊት አለብህ" አስብዬ እንቅልፍ እንደነሳሁት አላህ ይወቀው። ሥራው እጄን አፍጥኖት ነበር። መሳሳቴን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የነገረኝ አልነበረም፤ አጠገቤ ቆሞ ያየኝ ሰው ስላልነበረ።

ስለዚህ ለልጅቷ ያልኳት ይሄን ነው፦ መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ስትሠሪ የሚያይሽ አንድ ሰው ፈልጊ። በሳምንት አንድ ቀን ቢሆንም ይበቃል። የልምምድ ደብተርሽን ደግሞ የዚያኑ ቀን አስፈርሚ። ብዙ ተማሪ ሎግ ቡኩን ባዶ ይዞ ይቆይና በመጨረሻው ሳምንት በአንድ እስክሪብቶ አርባ ፊርማ ይለምናል። የምንፈርመው እኛም ጥፋተኞች ነን።

"ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት፤ አለቀ"

የማታው ክፍል ብዙ አያስቸግርም። ሰው ያንቀላፋል፣ ይነቃል፣ ማስታወሻ ይጽፋል። የሚያስቸግረው ልምምዱ ነው፤ ተማሪዎች "አፓረንት" የሚሉት። ዋርድ የሚዞረው ጠዋት ነው። ክትባት የሚሰጠው ቀን ነው። የእርግዝና ክትትል ቀን ነው። የጤና ሙያ ከቤት ተቀምጦ በወረቀት የሚያልቅ ነገር የለውም።

አለቃዬ ሳልመዘገብ "ተማሪ፣ እኔ እተባበርሻለሁ" ብሎኝ ነበር። አፍ አያልቅ! የልምምዱ ሰዓት ሲመጣ "ሰው የለኝም" አለኝ። መውጫ ሳጣ ሌሊት ሌሊት ዲዩቲ ያዝኩ። ሌሊት ሥራ፣ ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት እንቅልፍ፣ ማታ ክፍል። ሦስት ወር እንደዚያ ሄድኩ።

አንድ ጠዋት የአንዱን ታካሚ ክኒን ለሌላው ይዤ ሄድኩ። ሲስተሯ አልጋው ጋ ደርሳ እጄን ያዘችኝ። ዋርዱ ውስጥ ሦስት መሐመድ ሰይድ ነበሩ። እኔ ደግሞ "መሐመድ ሰይድ ነዎት?" ብዬ ነበር የጠየቅኩት። እሳቸውም በትህትና "አዎ ልጄ" አሉኝ። ሰውየው እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የጥያቄው ነው። "ስምዎ ማን ነው? አያትዎስ?" ይባላል እንጂ ስሙን ራስ ጠርቶ አይጠየቅም። ሽማግሌ የሆነ ሰው፣ ጆሮው የከበደ ሰው፣ ያፈረ ሰው ለሁሉም "አዎ" ይላል። የእኛ አገር ስም ደግሞ ይደጋገማል፤ ፋጡማ አሊ ብለህ ብትጠራ ከግማሹ ወረፋ ሰው ይነሳል።

ከዚያ ወዲህ እየሠሩ ለሚማሩ ሁሉ የምለው አንድ ነው። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ኮሌጁን የልምምዱን ፕሮግራም ጠይቅ፤ ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ በየትኛው ሰዓት፣ የት እንደሆነ። ያንን ይዘህ አለቃህ ጋ ግባ። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበል። ይሉኝታ ይዞህ በቃል ከተስማማህ በኋላ የምትከፍለው በእንቅልፍህ ነው።

"ረዳት ማለት ተላላኪ ማለት ነው"

ረዳቶች ድሮ ድሬሰር ይባሉ ነበር። ከዚያም ጤና ረዳት መጣ። ገጠር ውስጥ ሽማግሌዎች ሁሉንም "ዶክተር" ይላሉ፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሁሉንም "ልጅት፣ እስቲ ነይ" ይላሉ። ሁለቱም ልክ አይደለም።

ረዳቱ ከታካሚው ጋር ብዙ ሰዓት የሚቆየው ሰው ነው። ዶክተሩ ጥቂት ደቂቃ ያያል። ለውጡን ቀድሞ የሚያየው ረዳቱ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሳል ይዞት የመጣ ሕፃን ትንፋሹ ይቆጠራል። ሕፃኑ መረጋጋት አለበት፤ እያለቀሰ አይቆጠርም። ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የለም። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ለሆነው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ። ያ ቁጥር የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ ይበቃል። የክንድ መለኪያዋ ሪባንም እንደዚያው ናት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። የ1966ትንና የ1977ትን ረሃብ ያየ የወሎ ሰው ይህች ሪባን ምን እንደምትነግረው ማስረዳት አያስፈልገውም።

"ከየት መጣህ?" ማለትም ሥራ ነው። ደሴ ደጋ ናት፤ ትኩሳት ሲመጣ ቶሎ ወባ አይታሰብም። ታካሚው ግን ትናንት ወባ ካለባቸው ከባቲ ወይም ከከሚሴ በኩል በአውቶቡስ የወጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ጠይቆ ካርዱ ላይ የጻፈ ረዳት ግማሹን መንገድ ሄዶለታል።

ጤና ኤክስቴንሽኖችንም "ሽንት ቤት ቆፍሩ ባዮች" የሚል ሰው አሁንም አለ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አስረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት እየሆኑ ጤና ኬላ ገቡ። አንድ ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል። ያኔ ዋናው ሥራ ማስተማርና መከላከል ነበር፤ እውነት ነው። በኋላ ግን የሕፃናት ሳንባ ምች፣ ወባ፣ ተቅማጥና የምግብ እጥረት ማከም ተጨመረ። ብዙዎቹም ሥራቸውን ሳይተው በሙያ ደረጃ ከሌቨል 3 ወደ ሌቨል 4 አድገዋል። ሥራ ላይ ሆኖ መማር ይቻል እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ወደ ኩታበር ወይም ወደ ሐይቅ ገጠር ወጣ ብሎ እነሱን ይጠይቅ።

"ማስታወቂያ ካለው ዕውቅና አለው"

የለውም። ዕውቅና ለኮሌጁ ስም አይሰጥም፤ ለትምህርቱ ዓይነት፣ ለደረጃውና ለግቢው ነው የሚሰጠው። አዲስ አበባ ያለው ግቢ ነርሲንግ ስለተፈቀደለት ደሴ ያለው ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ወረቀቱን አሳዩኝ በል። ቀኑንም አንብብ፤ ጊዜ ያልፍበታል።

"ሲኦሲ ዕድል ነው፤ ጥያቄው ከተገኘ አለቀ"

ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና ሁለት ነው፤ የጽሑፍና የተግባር። ጥያቄ ሻጭ ለተግባሩ ምን ይሸጥልሃል? መዛኙ ፊትህ ቆሞ እጅህን ያያል። ተማሪዎች የሚወድቁበትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ለታካሚው ሰላም አለማለት፣ ምን ልታደርግ እንደሆነ አለመንገር፣ እጅ አለመታጠብ። ሥራ ላይ የቆዩ ሰዎች እዚህ ላይ ከሌላው የበለጠ ይወድቃሉ። ሥራው ላይ ቅደም ተከተሉን መዝለል ለምደዋላ!

ውጤቱ "ብቁ" ወይም "ገና ብቁ ያልሆነ" ነው የሚለው። "ገና" የሚለውን ልብ በሉ። እንደገና መመዘን ይቻላል። ካለፉ በኋላ ደግሞ የሙያ ምዝገባና ፈቃድ የሚባል ሌላ በር አለ። ሰርተፍኬት ይዞ ያንን ሳያወጣ የሚሠራ ሰው አደጋ ላይ ነው።

"ጓንት ካደረጉ እጅ መታጠብ አያስፈልግም"

ያስፈልጋል። ከማድረግ በፊትም፣ ካወለቁ በኋላም። በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፤ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ።

"ዕድሜዬ አልፏል"፣ "ይሄ የሴት ሥራ ነው"

ከእኔ ጋር የተመረቀ አንድ ጋሼ የሦስት ልጆች አባት ነበር። ሽማግሌ ታካሚዎች ገላቸውን እንዲያጥባቸው የሚጠሩት እሱን ነው።

"እዚህ ተምሬ ለንደን በነርስነት እገባለሁ"

ለንደን ያለች የአክስቴ ልጅ "አሲስታንት ፕራክቲሽነር ልሆን እየተማርኩ ነው" ብላ ጻፈችልኝ። ሰፈሩ "ዶክተር ልትሆን ነው" ብሎ አወራ። እንግሊዝ አገር ደረጃው እንዲህ ነው። ከታች የጤና ረዳት አለ። ከእሱ በላይ አሲስታንት ፕራክቲሽነር። ከዚያ በላይ የተመዘገበ ነርስ። በመንግሥት ጤና አገልግሎቱ የደመወዝ እርከን አሲስታንት ፕራክቲሽነር ብዙ ጊዜ ባንድ 4 ነው፤ ነርስ ከባንድ 5 ይጀምራል። እንደ እኛው እየሠሩ ነው የሚማሩት፤ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ራሱን የቻለ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ግን በተመዘገበ ባለሙያ ክትትል ሥር ነው። በነርሶች መዝገብ ላይም በዚህ ሥራው ስሙ አይገባም። እዚያ ከ2019 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ የሚመዘገበው ነርሲንግ አሶሺየት የሚባል ሌላ ሙያ ነው፤ ሁለቱ ይምታታሉ። እና እዚህ ሌቨል 4 ያለው ሰው እዚያ ሄዶ በቀጥታ ነርስ አይሆንም። ትሆናለህ የሚልህ ደላላ ካለ ገንዘብህን አጥብቀህ ያዝ።

"መርፌ መውጋት ከቻልኩ ባለሙያ ነኝ"

ሰፈር ውስጥ ነርስ የሚለካው በዚህ ነው። ትምህርት የጀመርክ ዕለት በርህ መንኳኳት ይጀምራል። መውጋት ራሱ በአንድ ሳምንት ይለመዳል። የሚከብደው ከመርፌው በፊትና በኋላ ያለው ነው፤ መድኃኒቱን ማን አዘዘ? ከዚህ በፊት ተወግተው ያውቃሉ? አሳከክዎት? ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ያኔ የሚያድነው አድሬናሊን ቤትህ ውስጥ የለም። መቀመጫ ላይ ቦታው ከተሳተ ደግሞ እግር ሊያሽመደምድ ይችላል። መርፌውንስ የት ትጥለዋለህ? ክሊኒክ ውስጥ ክዳኑ ሳይመለስ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። ሰፈር ውስጥ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ይጣላል።

ያን እሑድም ቶናው ሲቀርብ አንዲት እትዬ ከነጠላቸው ውስጥ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት አወጡ። "ልጄ፣ ሲስተር፣ እስቲ ይቺን ውጊኝ። ከፋርማሲ ነው የገዛሁት።" አልወጋም አልኩ። ቤቱ ዝም አለ። "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ተማርሽ?" አሉኝ። "ይህንን ነዋ፣ እትዬ" አልኳቸው። አኮረፉ። ክንዳቸውን ይዤ ዳገቱን አብረን ወጣን፤ ተረኛ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመረመርኳቸው። ዶክተሩ መርፌ አላስፈለጋቸውም አለ፤ ሽሮፕ ነው የሰጣቸው። ስንመለስ ልጅቷ በረካውን ይዛ ትጠብቀን ነበር። የኮሌጁን የልምምድ ፕሮግራም እንዴት እንደምትጠይቅ ወረቀት ላይ ጻፊልኝ አለችኝ።