«መጽሐፉ ራሱን ይቃረናል» እና ሌሎች የበርጫ አባባሎች

ድሬዳዋ ላይ፣ ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ በርጫ ላይ መቀመጡ ብርቅ አይደለም። ምርቃናው ሲመጣ አንዱ ስልኩን ያወጣና «አቦ፣ እስቲ ይሄን አስታርቅልኝ» ብሎ ሁለት ጥቅስ ያነባል። ጥያቄው ደግ ነው። አብሮት የሚመጣው ግምት ነው ችግሩ።

«ይሄን ያወጣው ኢንተርኔት ነው»

ኧረ በጭራሽ! የዮሴፍ አባት በማቴዎስ ያዕቆብ፣ በሉቃስ ደግሞ ኤሊ ነው። ክርስቲያኑ ጸሐፊ ዩልዮስ አፍሪካኖስ ገና በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን አንስቶ መልስ ሰጥቶበታል። ኤሊ ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ በእናት የሚገናኘው ወንድሙ ያዕቆብ ሚስቱን አግብቶ ዮሴፍን ወለደ። ስለዚህ ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፣ በሕግ የኤሊ ልጅ ነው። የሟች ወንድም ሚስት መውረስን ለሚያውቅ የሐረርጌ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ሁሉም መልስ ግን እንዲህ አያጠግብም። ይሁዳ በማቴዎስ 27 ታንቆ ሞተ፤ በሐዋርያት ሥራ 1 ግን በግንባሩ ተደፍቶ አንጀቱ ተዘረገፈ። የተለመደው ማስታረቂያ «ታንቆ ሳለ ገመዱ ተበጠሰ» የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ስለ ገመድ መበጠስ አንዱም አልጻፈም፤ ለእኔ ደካማ መልስ ነው።

«ቁርኣን ላይ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተነስቶ አያውቅም»

ተነስቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ889 የሞተው የሙስሊም ሊቅ ኢብን ቁተይባ ስለ ቁርኣን አስቸጋሪ አንቀጾች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል።

ሱረቱ ፉሲለትን እንውሰድ (41፥9–12)። ምድር በ2 ቀን፣ ተራሮቿና ምግቧ በ4፣ ሰማያት በ2። ሲደመር 8 ይመጣል። 7፥54 ግን 6 ቀን ይላል። ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተርጓሚ ሊቃውንት) «አራቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይጨምራል» ይላሉ። ከእነሱ አንዱ ቁርጡቢ፣ ከኢራቋ በስራ በሚነሳ መንገደኛ ያስረዳዋል። በእኛ መንገድ «ከድሬ ተነስቼ አዋሽ በአንድ ቀን፣ አዲስ አበባ በሁለት ቀን ገባሁ» ቢባል ጉዞው ሦስት ቀን ፈጀ ማለት አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ዝም ይባላል። አንድ ቀን በ32፥5 ሺህ ዓመት፣ በ70፥4 ሃምሳ ሺህ ዓመት ነው። የነቢዩ ሙሐመድ የአጎት ልጅ ኢብን አባስ ይህን ተጠይቀው «አላህ ያውቃል» ብለው እንደተዉት ተላልፏል።

«ሲጋጭ 'ተሽሯል' ብሎ ማለፍ ነው»

ነስኽ፣ ማለትም አንድ አንቀጽ በሌላ መሻሩ፣ አለ፤ ግን እንደ ልብ አይታደልም። ሊቁ ሱዩጢ የተሻሩትን አንቀጾች ወደ 20 አወረዳቸው። የሕንዱ ሊቅ ሻህ ወሊዩላህ ደግሞ 5 ብቻ አስቀሩ፤ ሌሎቹን አስታርቀው ማንበብ ይቻላል ብለው።

«አማኝ አንድ ፍቺ ብቻ ነው የሚቀበለው»

የአንድምታ (የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ትርጓሜ) መምህር ፊት የተቀመጠ ሰው ይህን አይልም። ለአንድ ንባብ ሁለት ሦስት ፍቺ ጎን ለጎን ይቆማል፤ ሌላውን ሰርዝ የሚልህ የለም።

«ስህተት አለ ያለ እምነቱን ጥሏል»

የይሁዳ ንጉሥ አካዝያስ ሲነግሥ በ2ኛ ነገሥት 8፥26 ዕድሜው 22 ነው፣ በ2ኛ ዜና መዋዕል 22፥2 ደግሞ 42። አባቱ ኢዮራም ግን የሞተው በ40 ዓመቱ ነው። ልጅ አባቱን በሁለት ዓመት ሊበልጥ ነው! ብዙ አጥባቂ ክርስቲያን ሊቃውንት ሳይቀሩ የገልባጭ ስህተት ነው ይላሉ። አንዳንድ ዘመናዊ ትርጉሞች ደግሞ 22 ብለው አርመው፣ የዕብራይስጡን 42 በግርጌ ማስታወሻ ያስቀምጡታል።