«ወንድሜ፣ አንድ ዙር ልዙርባት»፦ ያገለገለ ሞተር ስንሸጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች እና እውነታው

ሐዋሳ ላይ ቦክሰር ሞተር ሳይክሌን ለመሸጥ ባወጣሁ ጊዜ አምስት ሰው መጥቶ አያት። አምስቱም ከሰላምታ ቀጥለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «እስቲ አንድ ዙር ልዙርባት።» ጎረቤቱም ደላላውም የየራሱን ምክር ለገሰኝ፤ ግማሹ ምክር ግን ሰው የሚያስከስስ ነበር።

«መታወቂያውን ከያዝኩ የት ይሄዳል?»

ሞተር ይዞ ሊጠፋ የመጣ ሰው ለመታወቂያው ሲል አይመለስም፤ መታወቂያውም የራሱ ላይሆን ይችላል። «መኪናዬን ልተውልህ» የሚለውም ያው ነው፤ መኪናዋ የኪራይ ብትሆንስ? የሚሻለው የዋጋውን ገንዘብ ሁለታችሁም በምታምኑት ሦስተኛ ሰው እጅ ማስቀመጥ ነው። ያ ሰው ደላላው ባይሆን እመርጣለሁ፤ ደላላ የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ስለሆነ ይቸኩላል። ስልክ ቁጥሩን ተቀብላችሁ እዚያው ፊቱ ደውሉ፤ ካልጠራ ወሬው አለቀ።

«የነዳው እሱ ነው፤ አደጋ ቢያደርስ እሱ ይጠየቃል»

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ይሄ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ይድናል። እንግዲህ ቁልፉን በገዛ እጁ የሰጠ ሰው «ተሰርቆብኝ ነበር» ቢል ማን ይሰማዋል? ነጂው አጥፍቶ ከሆነ እሱም አያመልጥም፤ ነገር ግን የተገጨው ሰው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚፈልገው ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ስሙ ያለውን ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ደግሞ ሻጩ ነው።

በውክልና ብቻ ሸጠው ስም ሳያዛውሩ ለሚቀሩ ሰዎችም ስጋቱ ከዚሁ የሚመጣ ነው። የእነሱ «ሙከራ» አንድ ዙር ሳይሆን ዓመታት ይፈጃል።

«ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለኝ»

ስሙ ራሱ ይናገራል፦ የሚከፍለው ለተጎዳው ሌላ ሰው ነው፣ ያውም እስከተወሰነ መጠን። ለተሰበረ መብራትና ለተጣመመ መሪ አይከፍልም። ነጂው መንጃ ፈቃድ ከሌለው ደግሞ ከኢንሹራንሱ ጋር ሌላ ክርክር ይከፈታል። ስለዚህ መታወቂያ ከመጠየቅ በፊት መንጃ ፈቃድ ጠይቁ፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ ለሞተር እንደማይሠራም አትርሱ። ከአምስቱ ገዢዎች ሁለቱ ያሳዩኝ የመኪና ነበር። «ኧረ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምነዳው» አለኝ አንዱ፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ቁልፉን ግን አልሰጠሁትም።

«ከኋላው ከተቀመጥኩ አያመልጠኝም»

ማምለጡስ ይቅር። የማያውቀውን ፍሬንና ፍሪሲዮን (ክላች) የሚለማመድ ሰው ከኋላው ሌላ ክብደት ሲጨመርበት ሚዛኑን ይስታል፤ ሲወድቅም ሁለታችሁም ናችሁ። ይልቅ ሻጭ ይንዳ፣ ገዢ ከኋላ ተቀምጦ ይስማ። ለሁለታችሁም ሄልሜት ይኑር።

«ገዢ ሳይመጣ ሞተሯን ማሞቅ ጥሩ አቀባበል ነው»

ለማያውቅ ገዢ ይሆናል። የሚያውቅ ገዢ ግን መጀመሪያ እጁን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን ያያል። የቆየ ሞተር ሕመሙ በብዛት የሚታየው ሲቀዘቅዝ ነው፦ ስንት ጊዜ ሲረገጥ ይነሳል? በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ሰማያዊ ጭስ ይወጣል? ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ማለቅ ነው። አሙቃችሁ ከጠበቃችሁት የምትደብቁት ነገር እንዳለ ያስባል፤ እኔም ብሆን አስባለሁ።

«አላስነዳም ያለ ሻጭ ሌባ ነው»

አይደለም። ሳይነዳ የሚታይ ብዙ ነገር አለ፦ አነሳሱ፣ ጭሱ፣ ዘይቱ፣ የካቴናው ልልነት፣ ቦሎው፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉ። አዲስ አበባ ላይማ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ስለተከለከለ፣ ፈቃድ በሌላት ሞተር «እስከ አደባባዩ ደርሼ ልምጣ» ማለት ራሱ ጥፋት ነው።

ገዢም ግን እውነት አለው። ማርሽ መዝለሉ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን መጎተቷ፣ ዳገት ላይ የፍሪሲዮን መንሸራተት ቆማ አይታወቅም። እኔ የመረጥኩት መንገድ ሁለታችንም የምናውቀው መካኒክ እንዲነዳት ነው።

አራተኛው ገዢ በዚህ ተስማማ። ቀንና ሰዓት፣ የታርጋ ቁጥር፣ «በሙከራ ጊዜ ለሚደርስ ብልሽት ገዢው ይከፍላል» የሚል ሁለት መስመር ጽፈን ከሁለት ምስክር ጋር ፈረምን። ወረቀቱ በእኔና በእሱ መካከል ይሠራል፤ የተገጨን ሦስተኛ ሰው መብት ግን አያስቀርም። መካኒኩ ወደ ታቦር ተራራ የሚወጣውን ዳገት ሞክሮ ተመለሰና «ፍሪሲዮኗ ይንሸራተታል» አለ። እውነቴን ነው፣ እኔ ለምጄው አላስተዋልኩትም ነበር። የመቀየሪያውን ከዋጋው ላይ ቀነስኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ስም ለማዛወር አብረን ሄድን።