የጥንት ሰው ቆሻሻ ምን ይነግረናል?

አርኪዮሎጂ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ወርቅ፣ መቃብርና ሐውልት ነው። እነዚህን ግን ባለቤቶቻቸው እንዲታዩላቸው ብለው ነው ያስቀመጧቸው። ተራው ሰው ምን በልቶ አደረ? የት ተኛ? ደጁ ደን ነበር ወይስ ሜዳ? ይህን የሚነግረን ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ጥራጊ ነው። አመድ፣ የተጋጠ አጥንት፣ የተሰበረ ሸክላ። እኔ የዚህን ሳይንስ ትልቁን ውለታ የማየው እዚህ ላይ ነው።

እህል አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ምድጃ ዳር ወድቆ ካረረ ግን ከሰል ይሆናል፣ ከሰልን ደግሞ ሻጋታም ነቀዝም አይበላውም። ስለዚህ ያኔ "አረረብኝ" ተብሎ የተጣለው ዛሬ ማስረጃ ሆኗል። ቁፋሮ ላይ አፈሩን በባልዲ አምጥተው ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ይገለብጡታል። ቀስ አድርገው ያማስሉታል። አፈሩ ይዘቅጣል፣ ከሰሉ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን በደቃቅ ወንፊት አጥልለው፣ ጥላ ላይ አድርቀው፣ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይለቅሙታል። የዱር ስንዴ ሲደርስ ፍሬው በራሱ ይረግፋል። ሰው ለእርሻ ያላመደው ግን እስኪወቃ ይጠብቃል። ፍሬው ከዛላው የተላቀቀበት ጠባሳ ለስላሳ ከሆነ የረገፈ ነው፤ ሸካራ ከሆነ ተወቅቶ የተላቀቀ ነው። በዓይን የማትታይ ጠባሳ ገበሬውን ከለቃሚው ትለያለች።

ከሁሉም የሚገርመኝ በእስራኤል፣ ገሊላ ባሕር በሚባለው ሐይቅ ዳርቻ የሚገኘው ኦሃሎ 2 የተባለ የቁፋሮ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ የ23,000 ዓመት ሰፈር ብቅ አለ። ውሃውና ደለሉ አየር ከልክለውት ስለቆዩ ብዙ ነገር ተርፏል። ከቅርንጫፍ የተሠሩ ጎጆዎች፣ የዓሣ አጥንት፣ ከ140 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶች፣ የዱር ገብስ ስታርች (የእህልና የሥራሥር ዱቄታማ ክፍል) የያዘ የመፍጫ ድንጋይ ሁሉ ተገኝቷል። እርሻ ከመጀመሩ ከ10,000 ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑ ነው። አንዱ ጎጆ ውስጥ ምድጃው መሃል ላይ አለ፤ ዙሪያውን ሣር ተነጥፏል። ሰዎቹ የተኙበት እዚያ ላይ ነው።

ሰውነትም መዝገብ ይይዛል። በቆሎና ማሽላ ከስንዴና ከሩዝ የበለጠ ካርቦን-13 (ከተራው ትንሽ የሚከብድ የካርቦን ዓይነት) አላቸው፣ ልዩነቱም በተመጋቢው አጥንት ላይ ይታያል። ከባዱ የናይትሮጂን ዓይነት፣ ናይትሮጂን-15፣ ደግሞ ከሣር ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ሰው ሲሄድ በየደረጃው ከፍ ይላል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከእናቱ አንድ ደረጃ በላይ ይሆናል። ጡት ሲጥል መጠኑ መውረድ ይጀምራል። ይኼን ተከትሎ ከሺህ ዓመታት በፊት የነበረች እናት ልጇን እስከ ስንት ዓመቱ እንዳጠባች መገመት ይቻላል። አለት ውስጥ ያለው ስትሮንሺየም የተባለ ንጥረ ነገር የሚነግረን ቦታን ነው፤ ልኩ እንደየአለቱ ይለያያል። ከአለቱ ወደ ውሃና ምግብ፣ ከዚያም በልጅነት ወደሚሠራው የጥርስ ሽፋን ይገባል። አጥንት ዕድሜ ልክ ይታደሳል፤ የጥርስ ሽፋን ግን አንዴ ከተሠራ አይታደስም። የጥርሱ ልክ ከተቀበረበት አካባቢ ልክ ካልገጠመ ሰውየው ያደገው ሌላ ቦታ ነው።

አካባቢው ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ የሐይቅ ጭቃ ይበረበራል። የአበባ ብናኝ ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ በየዓመቱ እየተደራረበ ይቀመጣል። ስዊድናዊው የጂኦሎጂ ባለሙያ ሌናርት ፎን ፖስት ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1916 አስተዋወቀ። የዛፉ ብናኝ ቀንሶ የእህሉ፣ የአረሙና የከሰሉ ደቃቅ ከጨመረ ሰው ደን መንጥሮ ማረስ ጀምሯል ማለት ነው። ነፋስ ሩቅ የሚወስደው የጥድ ብናኝ ግን ያሳስታል፤ ጥድ ከነበረው በላይ በዝቶ ይታያል። ዕድሜውን ለማስላት ካርቦን-14 አለ። ሕይወት ያለው ነገር ከሞተ በኋላ በውስጡ ያለው ካርቦን-14 በ5,730 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፣ እስከ 50,000 ዓመት ገደማም ያገለግላል። ሰፈር ፍለጋም ከአየር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ የሌዘር ቅኝት በጓቲማላ ደን ሥር ከ60,000 በላይ የጥንቱ የማያ ሕዝብ ሕንጻዎችና ሌሎች ግንባታዎች አሳይቷል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። አጥንት ይቆያል፣ ሥራሥርና ቅጠል ይጠፋል። በዚህ የተነሳ የጥንት ሰው ሥጋ ብቻ ይበላ ነበር የሚል ግምት ረጅም ጊዜ ገዝፎ ኖሯል። በኢራቅ ሻኒዳር ዋሻ በተገኘ የኒያንደርታል (የጠፋ የጥንት ሰው ዘር) ጥርስ ላይ ደንድኖ በቀረው ቆሻሻ ውስጥ ግን የበሰለ ስታርች ተገኘ።

የሸክላውም ነገር እንዲሁ ነው። ስብ የሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፣ የወተትን ቅባት ከሥጋ ስብ መለየትም ይቻላል። ፖላንድ ውስጥ የተገኘ 7,000 ዓመት ገደማ ያለው የተበሳሳ ሸክላ ምን እንደነበር ሲያከራክር ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወተት ስብ ተገኘበት፤ ዕቃው አይብ ማጥለያ ነበር። የቀድሞ ቆፋሪዎች ሸክላውንም ጥርሱንም አሳምረው ያጥቡ ነበር፣ ማስረጃው ከውሃው ጋር ይሄድ ነበር። ይኼ ያስቆጨኛል። አሁን ለምርመራ የሚመረጠው ስባሪ ከነአፈሩ፣ ሳይታጠብ፣ በፎይል ተጠቅልሎ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።